የራውተር ብልሽት አፈላለግ፦ ፓኬቱ ሄዷል፣ ለምን አልተመለሰም?

ለጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው መስኮቱ ላይ «ሲስተም የለም» ተብሎ መመለሱ የተለመደ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ያሉት ሠራተኞች በበኩላቸው ለአይቲ ክፍሉ ደውለው «ኔትወርክ ጠፋ» ይላሉ። ሁለቱም አነጋገሮች እውነት ናቸው፤ ነገር ግን የት ምን እንደተበላሸ የሚጠቁሙት ነገር የለም። የተነቀለ ገመድ፣ የተሳሳተ አድራሻ፣ ከሠንጠረዥ የጎደለ አንድ መስመር ወይም ባሕር ውስጥ የተቆረጠ ኬብል ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ መልኩ አንድ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚዞረው ክብ መዞሩን አያቆምም።

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መፍትሔ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ነው። አንዳንዴም ይሠራል፤ መጥፎነቱ አንዳንዴ መሥራቱ ነው። ራውተሩ ሲጠፋ በጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው ይዟቸው የነበሩት የክስተት መዝገቦች፣ የስህተት ቆጣሪዎችና የጎረቤት አድራሻዎች አብረውት ስለሚጠፉ፣ አገልግሎቱ ቢመለስ እንኳ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀርና ችግሩ በሚቀጥለው ሳምንት ሰዓቱን ጠብቆ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት ማየት ይቀድማል። ምን እንደሚታይ ለማወቅ ግን ራውተር በእርግጥ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ መረዳት ያስፈልጋል።

አዲስ አበባን የማያውቅ እንግዳ ከመርካቶ ወደ ሰሚት መሄድ ፈልጎ መንገድ ቢጠይቅ፣ ያገኘው ሰው ሙሉውን ጉዞ አይዘረዝርለትም፤ «መገናኛ ድረስ ይሂዱ፣ እዚያ የሰሚት ታክሲ ይጠይቁ» ይለዋል። መገናኛ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ሰው ቀጣዩን ይነግረዋል። ራውተርም እንዲሁ ነው። እጁ የገባውን ፓኬት (በኔትወርክ ላይ የሚጓዝ ትንሽ የመረጃ ጥቅል) መድረሻ አድራሻ ያነባል፣ ራውቲንግ ቴብል በሚባለው የመንገድ ሠንጠረዡ ውስጥ ይፈልጋል፣ ለቀጣዩ ራውተር ያቀብላል፣ ከዚያም ይረሳዋል። ፓኬቱ መጨረሻው ላይ ይድረስ አይድረስ አያውቅም። መልሱም በመጣበት ዱካ የሚመለስ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዞ ነው፤ በተቃራኒው አቅጣጫ ያሉት ራውተሮች ሁሉ በየራሳቸው ሠንጠረዥ ለላኪው አድራሻ የሚሆን መንገድ ሊኖራቸው ይገባል። ይህ ሁለተኛው ጉዞ በችግር ፍለጋ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚረሳው ነው፤ ከዚህ በታች ደጋግመን የምንመለሰውም ወደ እርሱ ነው።

ሠንጠረዡ ራሱ የሚነበብበት ሕግ ቀላል ነው። ለአንድ መድረሻ ከአንድ በላይ መስመር ቢገጥም፣ ጠበብ ያለውን የአድራሻ ክልል የሚጠቅሰው ያሸንፋል፤ ከእዝባሩ (/) በኋላ ያለው ቁጥር በበለጠ መጠን ክልሉ ይጠባል። ለምሳሌ አንዱ መስመር ስለ 10.0.0.0/8፣ ሌላው ስለ 10.20.30.0/24 የሚናገር ከሆነ፣ ወደ 10.20.30.5 የሚሄደው ፓኬት የሚከተለው ሁለተኛውን ነው። ምንም የሚገጥም ካልተገኘ 0.0.0.0/0 ተብሎ የሚጻፈው ነባሪ መንገድ ይወስደዋል፤ እርሱም ከሌለ ፓኬቱ እዚያው ይጣላል። ለአንድ ዓይነት ክልል ከተለያየ ምንጭ ሁለት መንገድ ሲመጣ ደግሞ ራውተሩ የሚያምነውን ይመርጣል። በሲስኮ ራውተሮች ላይ በቀጥታ የተገናኘ ኔትወርክ 0፣ በእጅ የተጻፈ ስታቲክ መንገድ 1፣ ራውተሮች መንገድ እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት ኦኤስፒኤፍ ከተባለው ፕሮቶኮል የተገኘ 110 የሚል የታማኝነት ቁጥር አለው፤ ያነሰው ይመረጣል። ከዓመታት በፊት ለጊዜው ተብሎ የተጻፈ ስታቲክ መንገድ ዛሬ ትክክለኛውን መንገድ ጋርዶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ከቅርብ ነው፤ ከገመዱና ገመዱ ከሚሰካበት ፖርት። ራውተሩ ስለ እያንዳንዱ ፖርት ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንደኛው አካላዊ ግንኙነቱ መኖሩን፣ ሁለተኛው በዚያ ግንኙነት ላይ ሁለቱ ወገኖች መግባባታቸውን ነው። ሁለቱም ወድቀው ከታዩ ገመዱ፣ ፋይበሩ ወይም ማዶ ያለው መሣሪያ ይጠረጠራል። አካላዊው ኖሮ ሁለተኛው ከወደቀ የሁለቱ ጫፎች አቀማመጥ አይጣጣምም ማለት ነው። ሆን ተብሎ የተዘጋ መሆኑን የሚገልጽ ቃል ካለበት ግን ሰው ዘግቶታልና፣ የዘጋውን ሰው መጠየቅ ገመድ ከመቀየር ይቀድማል። በዚህ ደረጃ አንድ ወጥመድ አለ። ፋይበሩ በሚዲያ ኮንቨርተር (የፋይበሩን ብርሃን ወደ ተራ ገመድ ምልክት በሚቀይር ትንሽ ሣጥን) በኩል የሚመጣ ከሆነ፣ ፋይበሩ መንገድ ላይ ቢቆረጥም በራውተሩና በኮንቨርተሩ መካከል ያለችው አጭር ገመድ ደህና ስለሆነች ራውተሩ ፖርቱን ጤናማ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ በዚያ ፖርት የሚያልፈው ስታቲክ መንገድም ከሠንጠረዡ ሳይወጣ ፓኬቶችን ወደ ባዶ ገደል መላኩን ይቀጥላል።

ፖርቱ እየሠራ ቀርፋፋ ከሆነ የስህተት ቆጣሪዎቹ ይነበባሉ። እዚህ ላይ የቁጥሩ ትልቅነት አያስደነግጥም፤ 40,000 ስህተት ከሁለት ዓመት በፊት የተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። ቁም ነገሩ ቁጥሩ አሁን እየጨመረ መሆን አለመሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ አንብቦ መመዝገብ፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ማንበብ ያስፈልጋል። መረጃው መንገድ ላይ ተበላሽቶ መድረሱን የሚያሳየው፣ ሲአርሲ የሚባለው ስህተት ብቻውን እየጨመረ ከሄደ የተጎዳ ገመድ ወይም የቆሸሸ የፋይበር ጫፍ ይጠረጠራል። በአንደኛው ጫፍ ሲአርሲ፣ በሌላኛው ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ግጭት ከታየ ግን አንዱ ወገን በአንድ ጊዜ ሲልክም ሲቀበልም፣ ሌላው ተራ እየጠበቀ ነው፤ የዱፕሌክስ አለመጣጣም ይሉታል። ይህ ግንኙነቱን አይቆርጠውም፤ ትንሽ ትራፊክ ሲኖር ደህና መስሎ ይቆይና ሥራ ሲበዛ ይንበረከካል።

ቀጥሎ አድራሻ ነው። ኮምፒውተሩ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይዞ ከተገኘ፣ አድራሻ የሚያድለውን ሰርቨር አጥቶ ለራሱ አድራሻ ሰጥቷል ማለት ነውና ስለ ራውቲንግ ማውራት ገና ነው። የትኛው አድራሻ ቢሮው ውስጥ፣ የትኛው ውጭ እንደሆነ የሚለየው የሰብኔት ማስክ ስህተት ደግሞ ተንኮለኛ ነው። 255.255.255.0 መሆን የነበረበት ማስክ 255.255.0.0 ተብሎ ከተጻፈ፣ 192.168.10.5 ላይ ያለው ኮምፒውተር በሌላ ከተማ የሚገኘውን 192.168.40.20 እዚያው ቢሮው ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ለራውተሩ ከመስጠት ይልቅ በራሱ ቢሮ ውስጥ «40.20 ማነው?» እያለ ይጣራል። መልስ የሚሰጠው የለም። ኢንተርኔቱ ሁሉ እየሠራ ቅርንጫፉ ብቻ የማይገኘው እንዲህ ሲሆን ነው። አንዳንድ ራውተሮች ደግሞ ፕሮክሲ አርፕ በሚባል አሠራር «እኔ ነኝ» ብለው በቅርንጫፉ ስም ይመልሱና ስህተቱን ይሸፍኑታል፤ ራውተሩ በሌላ ሲቀየር የቆየው ስህተት በድንገት ብቅ ይላል፤ ጥፋቱም በአዲሱ ራውተር ይመካኛል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉም የሚያውቀው፣ ወደ አንድ አድራሻ ትንሽ ፓኬት ልኮ መልስ የሚጠብቀው ፒንግ ነው። ፒንግን እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ሰርጓጅ መርከቦች ድምፅ ልከው የገደል ማሚቶውን ከሚያዳምጡበት ከሶናር ነው። ስያሜው ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል፤ ፒንግ የሚለካው መሄድን ብቻ ሳይሆን ሄዶ መመለስን ነው። ሲሳካ ሁለቱም አቅጣጫ ደህና መሆኑን ያረጋግጣል። ሳይሳካ ሲቀር ግን ከሁለቱ የትኛው እንደተቋረጠ አይናገርም። ሆኖም አለመሳካቱ ራሱ ዓይነት አለው። ጊዜው አለፈ የሚለው ውጤት ዝምታ ነው፤ ፓኬቱ የሆነ ቦታ ጠፍቷል፣ ያየውም አልተናገረም። መድረሻው አይገኝም የሚለው ግን መልስ ነው፤ አንድ መሣሪያ ፓኬቱን ተቀብሎ መቀጠል እንዳልቻለ ተናግሯል። መልሱ የመጣው ከማን አድራሻ እንደሆነ ማንበብ ያስፈልጋል። ከራስ ኮምፒውተር ከሆነ ጎረቤቱ አልተገኘም፤ ከሌላ ራውተር ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ያጣው ያ ራውተር ነው። ብዙ ሰው ሁለቱንም «ፒንግ አያደርግም» ብሎ ስለሚያልፋቸው በነጻ የተሰጠውን መረጃ ይጥለዋል።

የመመለሻውን መንገድ ነገር በአንድ ጉዳይ እንመልከተው። የአንድ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት 192.168.10.0/24፣ ቅርንጫፉ 192.168.40.0/24 የሚሉ የአድራሻ ክልሎች ነበሯቸው። ሁለቱን ራውተሮች የሚያገናኘው መስመር ላይ የዋናው አድራሻ 10.10.10.1፣ የቅርንጫፉ 10.10.10.2 ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት የቅርንጫፉ ሠራተኞች በዋናው ቢሮ በ192.168.10.20 ላይ ያለውን ሲስተም መክፈት አቃታቸው። ባለሙያው የቅርንጫፉ ራውተር ውስጥ ገብቶ ወደ 192.168.10.20 ፒንግ ሲያደርግ ግን አምስቱም ፓኬቶች ተመለሱ፤ ስክሪኑ ላይ አምስት የቃለ አጋኖ ምልክቶች ተደረደሩ። «መስመሩ ደህና ነው፣ ችግሩ ኮምፒውተሮቹ ናቸው» ተባለ፤ ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ጸረ ቫይረስ ሲነቀልና ዊንዶውስ ሲጫን ዋለ።

ስህተቱ ፒንጉ ላይ ሳይሆን አተረጓጎሙ ላይ ነበር። ራውተር በራሱ ስም ፒንግ ሲያደርግ የላኪ አድራሻ አድርጎ የሚጽፈው ፓኬቱ የሚወጣበትን ፖርት አድራሻ ነው፤ እዚህ ላይ 10.10.10.2 መሆኑ ነው። የዋናው ቢሮ ራውተር ይህን አድራሻ ያውቀዋል፤ በቀጥታ የተገናኘው ጎረቤቱ ነውና። የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮች የሚልኩት ግን ከ192.168.40 ነው። በሦስተኛው ቀን ባለሙያው የላኪውን አድራሻ 192.168.40.1 አድርጎ ያንኑ ፒንግ ሲደግመው በቃለ አጋኖዎቹ ፋንታ አምስት ነጠብጣቦች ወጡ። የዋናው ቢሮ ራውተር ላይ ገብቶ ለ192.168.40.0 መንገድ ሲፈልግም አልነበረም። እሁድ ዕለት አሮጌው ራውተር በአዲስ ተተክቶ ነበር፤ አዲሱ ላይ የተጫነው ኮንፊገሬሽን ደግሞ ቅርንጫፉ ከመከፈቱ በፊት የተቀመጠ ባክአፕ ነበር። ጥያቄው ሰርቨሩ ድረስ በሰላም ይደርሳል፣ ሰርቨሩም ይመልሳል፤ መልሱ ግን የራሱ መስመር ስለሌለው በነባሪው መንገድ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው ይሄድና፣ እንደ 192.168 ያለ የግል አድራሻ በኢንተርኔት ላይ መንገድ ስለማይሰጠው እዚያ ይጣል ነበር። መድኃኒቱ አንድ መስመር ስታቲክ መንገድ ሆነ። ስለዚህ ከራውተር ላይ የሚደረግ ፒንግ ሁሉ የላኪው አድራሻ እየተቀየረ ሁለት ጊዜ ቢደረግ የሚያስከፍለው አሥር ሰከንድ ነው።

ፓኬቱ በጉዞው ላይ የት እንደቆመ ለማወቅ የሚያገለግለው ትሬስራውት ነው፤ አሠራሩም የሚደነቅ ብልሃት አለበት። እያንዳንዱ ፓኬት ቲቲኤል የሚባል ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ በ64፣ ዊንዶውስ በ128 ይጀምረዋል። እያንዳንዱ ራውተር አንድ ይቀንስበታል፤ ዜሮ ሲሆን ፓኬቱን ጥሎ ለላኪው «ጊዜው አልቋል» የሚል መልእክት ይልካል። ዓላማው መንገድ የጠፋው ፓኬት ለዘላለም እንዳይዞር ነው። ትሬስራውት ይህንኑ ይጠቀምበታል፤ መጀመሪያ ቁጥሩን 1፣ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 3 እያደረገ ይልክና በየተራው የሚመልሱትን ራውተሮች አድራሻ ይሰበስባል።

ውጤቱን ማንበብ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በመካከል ኮከብ ምልክት ቢታይና ከዚያ በኋላ ያሉት መልስ ቢሰጡ ብልሽት የለም፤ ያ ራውተር ፓኬቱን እያሳለፈ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ግን አይመልስም ወይም መልሱን ይመጥናል። በአንድ መሃል ራውተር ላይ 300 ሚሊሰከንድ ታይቶ ቀጣዮቹ ወደ 80 ከተመለሱም እንዲሁ ነው። መዘግየት ብልሽት የሚሆነው ከአንድ ነጥብ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሲዘልቅ ነው፤ ያም ቢሆን መጀመሪያ ርቀቱ ይታሰባል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ለያንዳንዱ 100 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ 1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ትራፊክ መጀመሪያ በየብስ እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ኬብሎች መድረስ አለበት። አዲስ አበባና ማርሴይ በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለኩ እንኳ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ስለዚህ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች መጠበቅ አይቻልም፤ ኬብሉ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም። ትሬሱ ላይ ከ6 ሚሊሰከንድ ወደ 90 የዘለለ ቁጥር ሲታይ ባሕር ተሻግሯል ማለት እንጂ ራውተር ታሟል ማለት አይደለም። ሁለት አድራሻዎች እስከ መጨረሻው እየተፈራረቁ ከታዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ራውተሮች ፓኬቱን እንደ ኳስ እየተቀባበሉት ነው፤ አንዱ የሌላውን መንገድ ያምናል፣ ሌላውም የእርሱን።

ትሬስራውትም የሚያሳየው የመሄጃውን መንገድ ብቻ ነው። ኮከቦቹ ከስምንተኛው ጀምሮ ቢደረደሩ፣ ስምንተኛው ራውተር ፓኬቱን ተቀብሎ መልሱ የሚመለስበትን መንገድ ያጣም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚቻል ሲሆን ከሁለቱም ጫፍ ይደረጋል።

ፒንግም ትሬስም ደህና እያሉ ሥራው የማይሠራበት አንድ ሁኔታ አለ፤ ስንቱን እንቅልፍ የነሳ ነው። የመግቢያው ገጽ ይከፈታል፣ የይለፍ ቃሉ ይቀበላል፣ ሪፖርቱ ሲጠራ ግን ገጹ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ትንሹ ነገር ያልፋል፣ ትልቁ አያልፍም። በተለመደው ኢተርኔት ላይ የአንድ ፓኬት ከፍተኛ መጠን 1500 ባይት ነው፤ ኤምቲዩ ይባላል። ፒፒፒኦኢ የሚባለው የግንኙነት ዓይነት 8 ባይት ለራሱ ስለሚወስድ 1492 ብቻ ይቀራል፤ ቪፒኤን ደግሞ ከዚያም ይቀንሰዋል። ትልቅ ፓኬት ጠባቡ ቦታ ሲደርስ፣ እንዳይከፈል ተብሎ ምልክት ከተደረገበት፣ ራውተሩ ይጥለውና «አሳንሰህ ላክ» የሚል የአይሲኤምፒ መልእክት (ፒንግም የሚጠቀምበት የማሳወቂያ ፕሮቶኮል ነው) ለላኪው ይመልሳል። መንገድ ላይ ያለ ፋየርዎል «ለደኅንነት» ተብሎ አይሲኤምፒን በሙሉ ከዘጋ ግን መልእክቱ አይደርስም፤ ላኪው ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል፣ ፓኬቱም ደጋግሞ ይጣላል። አሁንም የጎደለው የመመለሻው መልእክት ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው፤ እንዳይከፈል የሚያዝ ምልክት አድርጎ 1472 ባይት የሚጭን ፒንግ መላክ፣ ካላለፈ ቁጥሩን እየቀነሱ መሞከር። 1472 የሆነው 28 ባይት ለራስጌዎቹ ስለሚሄድ ነው። 1464 ላይ ካለፈ መልሱ 1492 መሆኑ ነው፤ ራውተሩም ቲሲፒ የተባለው የመላኪያ ፕሮቶኮል በአንድ ፓኬት የሚጭነውን የመረጃ መጠን ወደ 1452 ዝቅ እንዲያደርግ ይታዘዛል።

ራውተሮች መንገድ እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ኔትወርክ ውስጥ ደግሞ ከሠንጠረዡ በፊት ጉርብትናው ይታያል። በኦኤስፒኤፍ ጎረቤቶች «ፉል» የሚለው ደረጃ ላይ መድረስ አለባቸው። «ኢኒት» ላይ የቀረ ጎረቤት ሰላምታው ይሰማል፣ የእኛን ግን አይሰማም። «ኤክስስታርት» ላይ የተጣበቀ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሁለቱ ጫፍ ኤምቲዩ አለመመሳሰሉ ነው። የተለያዩ ድርጅቶች ኔትወርኮች መንገድ በሚለዋወጡበት በቢጂፒ ላይ ደግሞ «አክቲቭ» የሚለው ቃል ብዙ ጀማሪ አሳስቷል፤ ትርጉሙ እየሠራ ነው ሳይሆን ጎረቤቱን ለማግኘት እየሞከረ ነው፤ የተገናኘው «ኢስታብሊሽድ» ሲል ብቻ ነው።

ቢጂፒ የዓለምን ኢንተርኔት የሚያያይዝ በመሆኑ በእርሱ ላይ የሚፈጠር ስህተት ድንበር አያግደውም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ውስጥ ለመዝጋት 208.65.153.0/24 የሚል መንገድ ጻፈ። መንገዱ ግን በሆንግ ኮንጉ አቅራቢው ፒሲሲደብልዩ በኩል ወደ ውጭ አመለጠ። ዩቲዩብ ራሱ የሚያስተዋውቀው ሰፋ ያለውን 208.65.152.0/22 ስለነበረ፣ ጠባቡ ያሸንፋል በሚለው ሕግ የዓለም ራውተሮች የዩቲዩብን ትራፊክ ወደ ፓኪስታን መላክ ጀመሩ። ችግሩ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። የትኛውም ራውተር አልተበላሸም ነበር፤ ሁሉም በሕጉ መሠረት ነው የሠሩት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ደግሞ ፌስቡክ በጥገና ጊዜ በተሰጠ አንድ ትእዛዝ የራሱን የጀርባ አጥንት ኔትወርክ ቆርጦ፣ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይሩት የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹም መንገዶቻቸውን ከቢጂፒ ስላነሱ ስድስት ሰዓት ያህል ከኢንተርኔት ጠፋ። ከውጭ ላለው ሰው የሚታየው ስሙ አለመገኘቱ ስለነበር በመጀመሪያ የዲኤንኤስ ብልሽት ይመስል ነበር።

በተራ ቢሮ ውስጥ ግን የዲኤንኤስ ነገር ፈጥኖ ይለያል፤ 8.8.8.8 (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ) ፒንግ እያደረገ ስም ሲጻፍ የማይገኝ ከሆነ ራውተሩን መተው ይቻላል።

ችግሩ ከራስ ግቢ ውጭ መሆኑ ሲረጋገጥ ለአገልግሎት አቅራቢው ይደወላል። «ኢንተርኔት የለም» ከማለት ይልቅ ከየትኛው አድራሻ ወደ የትኛው፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ ሁልጊዜ ነው ወይስ አልፎ አልፎ የሚለውን ከትሬሱ ጋር መስጠት ጉዳዩን ከስልክ ተቀባዩ ወደ መሐንዲሱ ቶሎ ያሻግረዋል።

ችግሩ እዚሁ ከሆነና ሩቅ ከተማ ባለ ራውተር ላይ መንገድ መቀየር ካስፈለገ አንድ ልማድ ይጠቅማል። የተሳሳተ መስመር የራስን መግቢያ ሊቆርጥ ስለሚችል፣ የሲስኮ ራውተር ላይ ከለውጡ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፤ ለውጡ ገና ስላልተቀመጠ ወደ ቀድሞው ኮንፊገሬሽን ይመለሳል። ለውጡ ከሠራ ቀጠሮው «ሪሎድ ካንስል» ተብሎ ይሰረዝና ኮንፊገሬሽኑ ይቀመጣል። ባለሙያው ሥራው በመሳካቱ ተደስቶ መሰረዙን ከረሳው ግን፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ «ኔትወርክ ጠፋ» የሚለው ስልክ ይደወላል።